የማትሞተዋ የዶሮ ልብና የቈሰለው የሰው ልብ

አጥንት የተሰበረ እንደ ሆነ ወጌሻ ያቃናዋል፥ ጊዜም ያጋጥመዋል። ቆዳ የተላጠ እንደ ሆነ ይሽራል። ጉበት እንኳ ከግማሹ በላይ ተቈርጦ ቢወጣ ጥቂት ወራት ቈይቶ ወደ ቀድሞው መጠኑ ይመለሳል። ልብ ግን ይህ ዕድል አልተሰጠውም። ለልብ ጡንቻ ደም የሚያደርሰው ሥር በድንገት ሲዘጋ፥ ከተዘጋው በታች ያለው ሥጋ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይሞታል፤ ሐኪሞች እንደሚገምቱት በአንድ ከባድ ሕመም እስከ ሺህ ሚሊዮን የሚደርሱ የጡንቻ ሕዋሳት ይጠፋሉ። በስፍራቸው የሚተካውም ጡንቻ ሳይሆን ጠባሳ ነው፤ ጠባሳም ቀዳዳውን ይደፍናል እንጂ አይመታም። በቀን መቶ ሺህ ጊዜ ያህል የሚመታው ልብ ከዚያ በኋላ በቀረው ጡንቻ እየታገለ ይኖራል። ሲብስበትም ሕመምተኛው ደረጃ መውጣት ያቅተዋል፥ እግሩ ያብጣል፥ ተጋድሞ መተኛት ተስኖት በትራስ ተደግፎ ያድራል። እንዲህ ያለውን በሽተኛ በቤቱ ያስታመመ ሰው ነገሩን ከእኛ ይልቅ ያውቀዋል።

ዛሬ የምንጽፈው የሞተውን የልብ ሥጋ በአዲስ ሥጋ ለመተካት ሊቃውንት የደከሙትን ድካም ነው። አስቀድመን ግን አንድ ቃል እናስረዳ። ሕዋስ ስንል በመጻሕፍት የለመድናቸውን አምስቱን ሕዋሳት፥ ማየትንና መስማትን ሌሎቹንም ማለታችን አይደለም። በዚህ ዘመን ሥጋ ሁሉ የተገነባበት፥ በአጉሊ መነጽር ካልሆነ በቀር የማይታይ፥ ሕይወት ያለው ትንሹ ክፍል ሕዋስ ተብሏል። ብዙ ሕዋሳት ተያይዘው አንድ ሥራ ሲሠሩ ኅብረ ሕዋስ ይባላሉ። ግንደ ሕዋስ የሚባለው ደግሞ ሥራው ገና ያልተለየለት፥ ደምም ነርቭም ጡንቻም ለመሆን የሚችለው ነው፤ ከአንድ ግንድ ብዙ ቅርንጫፍ እንዲወጣ ማለት ነው። ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ጽፈናቸዋል።

ነገሩ የሚጀምረው ከዶሮ እንቁላል ነው።

በ1894 የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ሳዲ ካርኖ በሊዮን ከተማ በጩቤ ተወግተው ሞቱ። የተቈረጠውን ትልቅ የደም ሥር መስፋት የሚችል ሐኪም በዚያን ጊዜ አልነበረም። በዚያው ከተማ ሕክምና ይማሩ የነበሩትን ወጣቱን አሌክሲስ ካሬልን ይህ ነገር አንገበገባቸው፤ ስለዚህም ወደ አንዲት የጥልፍ ባለሞያ ሄደው በቀጭን መርፌና በሐር ክር መስፋትን ተማሩ። ከሴት እጅ የተማሩት ይህ ሞያ ነው በ1912 የኖቤልን ሽልማት ያስገኘላቸው። በዚያ ጊዜ አገራቸውን ትተው በኒው ዮርክ ከተማ በሮክፌለር የሕክምና ምርምር ተቋም ይሠሩ ነበር።

በዚያው ዓመት፥ ጃንዋሪ 17 ቀን 1912፥ ካሬል ገና በእንቁላል ውስጥ ካለ የዶሮ ፅንስ ልብ ጥቂት ቈርጠው በመስተዋት ዕቃ ውስጥ አኖሩ። ሥጋን ከሰውነት ለይቶ ማሳደግ እንደሚቻል ከአምስት ዓመት በፊት አሜሪካዊው ሮስ ሃሪሰን በእንቁራሪት ነርቭ አሳይተው ነበር፤ ካሬል ግን ከዚህ አልፈው ሥጋው ለዘለዓለም እንዲኖር ፈለጉ። ምግቡ የዶሮ ደም ውሃና ከዶሮ ፅንስ የተጨመቀ ጭማቂ ነበር። በየጥቂቱ ቀን ያጥቡታል፥ ያደገውን ይከፍሉታል፥ አዲስ ምግብም ይሰጡታል። ረዳቶቻቸው ጥቁር ካባ ለብሰው ጥቁር ቆብ ደፍተው ይሠሩ ስለ ነበር፥ ያን ቤተ ሙከራ ያየ ሰው የመናንያን በኣት ሳይመስለው አይቀርም።

ከተቈረጡት ሥጋዎች አንዳንዶቹ በመጀመሪያዎቹ ወራት እንደ ልብ ይመቱ ነበር። ከዚያ በኋላ ምቱ ቀረ፤ የቀረው ሥጋ ግን እየተባዛ ሄደ። ዓመት አለፈ፥ ዐሥር ዓመት አለፈ፥ ሃያ ዓመት አለፈ። ጋዜጦች ተቀባበሉት። በኒው ዮርክ ውስጥ የማትሞት የዶሮ ልብ አለች፥ ዘወትር ትመታለች፥ ካልተከረከመች ቤቱን ሞልታ ትወጣለች እየተባለ ተወራ። በየዓመቱም የልደቷ ቀን ይታሰብላት ጀመር። ካሬል በ1944 በፓሪስ ሲሞቱ የዶሮዋ ሥጋ ገና ሕይወት ነበራት፤ ከእርሳቸው በኋላ ረዳታቸው አልበርት ኤቤሊንግ እስከ 1946 ድረስ ጠበቋትና በመጨረሻ ሥራው ተወ። ሠላሳ አራት ዓመት መሆኑ ነው። የትኛዋ ዶሮ ናት ይህን ያህል የኖረች?

ወሬውን ያመኑት ተራ ሰዎች ብቻ ቢሆኑ ኖሮ ነገሩ በቀለለ ነበር። ሊቃውንቱም አመኑት። ሰው የሚሞተው ሕዋሳቱ ሟች ስለ ሆኑ አይደለም፥ ምግብና ጽዳት ያገኙ ሕዋሳት ለዘለዓለም ይባዛሉ የሚለው ነገር በትምህርት ቤት የሚነገር እውነት ሆነ። በየአገሩ ያሉ ሌሎች ሠራተኞች እንደ ካሬል አድርገው ሞክረው ሥጋው ሲሞትባቸው፥ ጥፋቱ የእኛ ነው፥ እጃችን አልጠራም፥ ምግቡን አላሳመርንም እያሉ ራሳቸውን ወቀሱ። ምናልባት የተሳሳቱት ካሬል ይሆኑ ይሆናል ብሎ ሊናገር የደፈረ ጥቂት ነበር።

በ1961 በፊላደልፍያ ከተማ በዊስታር ተቋም የሚሠሩት ሌናርድ ሄይፍሊክ ከባልደረባቸው ከፖል ሙርሄድ ጋር ሆነው፥ ከሰው ፅንስ የተገኙ ሕዋሳት አምሳ ጊዜ ያህል ከተከፈሉ በኋላ መከፈል እንደሚያቆሙ አሳዩ። ምግቡ ያው ነው፥ ዕቃው ያው ነው፥ ወጣቱ ሕዋስና ያረጀው ሕዋስ በአንድ ዕቃ ውስጥ ተቀላቅለው ሲኖሩ ያረጀው ብቻ ያቆማል። ጽሑፋቸውን አስቀድመው የላኩለት፥ ካሬል ይሠሩበት ከነበረው ከዚያው ከሮክፌለር ተቋም የሚወጣው መጽሔት አልቀበልም ብሎ መለሰው፤ በሌላ መጽሔት ታተመ። ዛሬ ግን ሁሉ የሚቀበለው የእርሳቸውን ነው። ታዲያ የዶሮዋ ሥጋ እንዴት ሠላሳ አራት ዓመት ኖረ? ብዙዎች የሚሰጡት ግምት ይህ ነው፦ ለምግብ የሚጨመረው የፅንስ ጭማቂ በደንብ ስላልተጣራ በየጊዜው አዳዲስ ሕዋሳት ይገቡበት ነበር። አሮጌው እየሞተ አዲሱ ይተካ ነበርና፥ በመስተዋቱ ውስጥ የነበረችው አንዲት ዶሮ ሳትሆን የብዙ እንቁላሎች ትውልድ ነበረች። ደግሞም እስከ መጨረሻ የኖረው ሥጋ የልብ ጡንቻ አልነበረም፤ በጡንቻው መካከል እየገባ ሥጋን ከሥጋ የሚያያይዘው አያያዥ ሕዋስ ነበር። ማትሞት የተባለችው ልብ፥ ልብም አልነበረችም። ይህን አያያዥ ሕዋስ አንባቢ ይያዝልን፤ በኋላ እንደ ገና እንገናኘዋለን።

በዚያው ዘመን ስለ ራሱ ስለ ልብ ጡንቻ የሚነገረው ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነበር፤ ሰው ከተወለደ በኋላ አንድም አዲስ የልብ ጡንቻ ሕዋስ አያገኝም ይባል ነበር። ይህንንም የፈተነው ማንም ያላሰበው ነገር ሆነ፥ ይኸውም የአቶሚክ ቦምብ ነው። ታላላቆቹ መንግሥታት እስከ 1963 ድረስ ቦምባቸውን ከምድር በላይ እያፈነዱ ሲሞክሩ፥ ካርቦን 14 የሚባለው ነገር በአየር ውስጥ በዛ፤ ሙከራው ከምድር በላይ እንዳይደረግ ከተስማሙ በኋላም ከዓመት ወደ ዓመት እየቀነሰ ሄደ። ሣሩ ከአየሩ፥ ከብቱ ከሣሩ፥ ሰውም ከሁለቱም ይህን ካርቦን ወሰደ። ስለዚህ እያንዳንዱ ሕዋስ የተወለደበት ዓመት በውስጡ እንደ ማኅተም ታትሞበታል። በስዊድን አገር በካሮሊንስካ ተቋም ዮናስ ፍሪሴንና ባልደረቦቻቸው የሙታንን ልብ መርምረው ይህን ማኅተም አነበቡ። በ2009 እንዳስታወቁት፥ በ25 ዓመት ሰው ልብ ውስጥ ከመቶ አንድ ያህል የጡንቻ ሕዋስ በዓመት ይታደሳል፤ በ75 ዓመት ሰው ግን ከመቶ ግማሽ እንኳ አይሞላም። እንግዲህ ልብ ፈጽሞ አይታደስም የሚለውም ስሕተት ነው፥ ነገር ግን እድሳቱ ከሕመሙ ጋር ሲመዛዘን ከምንም አይቈጠርም። ዜብራ የሚባለው ትንሽ ዓሣ የልቡ አንድ አምስተኛ ተቈርጦ በሁለት ወር ውስጥ ይተካል። የአንድ ቀን ዕድሜ ያላት አይጥም ትተካለች፤ ሰባት ቀን ሲሞላት ግን ይህን ችሎታ ታጣዋለች። በዚያ በአንድ ሳምንት ውስጥ የሚዘጋው በር ምንድር ነው የሚለው ጥያቄ እስከ ዛሬ ብዙ ሊቃውንትን ያደክማል።

የታመመውን ልብ አውጥቶ የሌላ ሰው ልብ መተካት በዲሴምበር 1967 በደቡብ አፍሪቃ በኬፕ ታውን ከተማ ተጀመረ። ክርስቲያን ባርናርድ ያከሟቸው ሉዊስ ዋሽካንስኪ 18 ቀን ኖሩ፤ ዛሬ እንዲህ የተደረገላቸው ብዙዎች ዐሥርና ሃያ ዓመት ይኖራሉ። ነገር ግን አንዱ ልብ እንዲያገኝ ሌላው መሞት አለበትና፥ ተስፋ የሚያደርገው ሕዝብና የሚገኘው ልብ ከቶ አይመጣጠንም። ሊቃውንትም ልቡ በሙሉ ካልተገኘ የሞተውን ክፍል ብቻ እንተካ ማለታቸው ከዚህ የተነሣ ነው።

በጁን 2000 በፓሪስ ዶክተር ፊሊፕ ሜናሼ ከአንድ ሕመምተኛ ጭን የጡንቻ ሕዋሳት ወስደው፥ በቤተ ሙከራ አባዝተው በጠባሳው ላይ በመርፌ ወጉለት። የጭን ጡንቻ ግን የጭን ጡንቻ ነው፤ ከልብ ጋር አብሮ ለመምታት አልተሠራም። የልብን ትእዛዝ የማይሰማ ሥጋ በልብ ውስጥ ሲቀመጥ ምቱን ያዛባል ተብሎ ተፈራ። ከዚያ በኋላ 97 ሕመምተኞች የገቡበት ታላቅ ሙከራ ተደርጎ በ2008 ሲታተም የልብ ኀይል አለመሻሻሉን አሳየ። ሜናሼ ይህን ራሳቸው አሳትመው ሌላ መንገድ ፈለጉ። ይህን የምንጠቅሰው ቀጥሎ ከምንተርከው ጋር አንባቢ እንዲያስተያየው ነው።

በኤፕሪል 2001 ኔቸር የተባለው የታወቀ መጽሔት አንድ ታላቅ ዜና አወጣ። ዶናልድ ኦርሊክና ፒዬሮ አንቬርሳ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው፥ ልቧ ወደ ታመመ አይጥ ከመቅኔ የተወሰዱ ሕዋሳት በመርፌ ቢያስገቡ፥ በዘጠኝ ቀን ውስጥ ከሞተው ክፍል ከመቶ 68 የሚሆነው በአዲስ ጡንቻ ተተካ ብለው ጻፉ። መቅኔ ከሕመምተኛው ከራሱ አጥንት ይወጣል፥ ሰውነቱም አይጥለውም፥ ዋጋውም ብዙ አይደለም። ከዚህ የሚሻል መድኃኒት ማን ይመኛል? በዚያው ዓመት በጀርመን አገር የልብ በሽተኞች መቅኔያቸው ወደ ልባቸው ይገባላቸው ጀመር፤ በየአገሩም ተከተሉ። አንቬርሳ ደግሞ በ2003 በልብ በራሱ ውስጥ ግንደ ሕዋስ አገኘን አሉ፤ ከዚያም በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ሥር ወዳለ ታላቅ ሆስፒታል ተሻግረው ትልቅ ቤተ ሙከራ አቆሙ።

በ2004 ግን ያው መጽሔት ሁለት ጽሑፎችን ባንድ ጊዜ አተመ። አንደኛው በሲያትል ከተማ ያሉት የቻርልስ መሪና የባልደረባቸው የሎረን ፊልድ ነበር፤ ሁለተኛው የስታንፎርድ ሐኪሞች። ሁለቱም ሙከራውን ደገሙት። የመቅኔውን ሕዋስ ከሌላው ለይተው የሚያውቁበት ምልክት አድርገውበት ወደ አይጧ ልብ አስገቡት፤ በኋላ ቢፈልጉት ምልክቱ ያለበት አንድም የልብ ጡንቻ አላገኙም። መቅኔው በልብ ውስጥም ሆኖ ደም ብቻ ይወልድ ነበር። እንግዲህ ነገሩ በዚያ ማብቃት ይገባው ነበር። አላበቃም። ሰዎች በየሆስፒታሉ እየተወጉ ነበር፥ ገንዘብም እየተመደበ ነበር፥ ከሁሉ ይልቅ ደግሞ ተስፋው ጣፋጭ ነበር። የደገሙት ሰዎች አላገኘንም ሲሉ፥ እንደ ካሬል ጊዜ ሁሉ፥ አሠራራችሁ ልክ ባይሆን ነው የሚል መልስ ይሰጣቸው ነበር።

እንዲህ ሆኖ ዐሥራ አራት ዓመት ሄደ። በ2014 ከአንቬርሳ ቤተ ሙከራ የወጣ አንድ ጽሑፍ ተሰረዘ። በዚያው ዓመት ሌሎች ሊቃውንት በልብ ውስጥ አለ የተባለው ግንደ ሕዋስ ጡንቻ የሚወልደው ከቁጥር በማይገባ መጠን መሆኑን አሳዩ። በ2017 ሆስፒታሉ ስለዚህ ሥራ ከመንግሥት የወሰደውን ገንዘብ በሚመለከት ክስ 10 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ታረቀ። በኦክቶበር 2018 ሃርቫርድና ሆስፒታሉ ከዚያ ቤተ ሙከራ የወጡ 31 ጽሑፎች ሐሰት ወይም የተቀየረ ማስረጃ ስላለባቸው እንዲሰረዙ ጠየቁ፤ በሰዎች ላይ ይደረግ የነበረ አንድ ሙከራም በዚያው ወር ቆመ። የመቅኔው ሕክምና ብዙውን ሰው አልጎዳ ይሆናል። ነገር ግን የታመመ ሰው ያለው ጊዜ ጥቂት ነው፤ ያን ጥቂት ጊዜ በከንቱ ተስፋ ያሳለፈውን ማን ይመልስለታል? የዶሮዋ ልብ ያሳሳተችው ሊቃውንትን ነበር፤ ይህኛው ስሕተት የደረሰው ግን እስከ በሽተኛው አልጋ ድረስ ነው።

እውነተኛው መንገድ በሌላ በኩል ይሠራ ነበር። በ1998 በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ጄምስ ቶምሰን ከሰው ፅንስ ግንደ ሕዋስ ለዩ። ፅንሱ ልጅ ያጡ ባልና ሚስት በሐኪም እጅ ካስፀነሱት ውስጥ የተረፈና ወላጆቹ ለምርምር የሰጡት፥ ዕድሜውም ጥቂት ቀን ብቻ ነበር። ከዚህ ሕዋስ በእውነት የሚመታ የሰው ልብ ጡንቻ ማግኘት እንደሚቻል በ2001 በሃይፋ ከተማ ያሉ ሐኪሞች አሳዩ። ይሁን እንጂ ሕዋሱን ለማግኘት ፅንሱ መፍረስ ነበረበት። አንዱን ለማዳን ሌላውን ማፍረስ ይገባልን የሚለው ጥያቄ በአብያተ ክርስቲያናትም በመንግሥታትም ዘንድ ታላቅ ክርክር አስነሣ፤ በ2001 የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ቡሽ ለዚህ ሥራ የሚሰጠውን የመንግሥት ገንዘብ ወሰኑት። አንዳንድ ሊቃውንት ክርክሩን የመሃይም ክርክር አድርገው አቀለሉት። እኛ ግን እንዲህ አይመስለንም፤ መልሱን ያገኘው ሰው ክርክሩን ያላቃለለው ነውና።

እኒህ ሰው የጃፓኑ ሺንያ ያማናካ ናቸው። በመጀመሪያ የአጥንት ቀዶ ሐኪም ለመሆን ተምረው ነበር፤ እጃቸው ግን ዘገምተኛ ስለ ነበር ባልደረቦቻቸው ስማቸውን በትንሹ ለውጠው እንቅፋት የሚል ትርጓሜ ያለው ቅጽል አወጡላቸው። ቢላዋውን ትተው ወደ ምርምር ገቡ። አንድ ቀን በወዳጃቸው የሕክምና ቤት በአጉሊ መነጽር የሰው ፅንስ ሲያዩ፥ በዚህና በሴቶች ልጆቼ መካከል ያለው ልዩነት ምንኛ ትንሽ ነው የሚል አሳብ እንደ መጣባቸውና ሌላ መንገድ መኖር አለበት እንዳሉ ራሳቸው ተናግረዋል። በኪዮቶ ከረዳታቸው ከካዙቶሺ ታካሃሺ ጋር ሆነው ግንደ ሕዋስን ግንድ ያደርጉታል ተብለው የተጠረጠሩ 24 የዘር ምልክቶችን ሰበሰቡ። አንድ በአንድ እየቀነሱ ቢሞክሩ አራቱ ብቻ በቁ። እነዚህን አራት ወደ አይጥ የቆዳ ሕዋስ ቢያስገቡ ቆዳው ሥራውን ረስቶ እንደ ገና ግንድ ሆነ። ይህ በ2006 ነው፤ በ2007 በሰው ቆዳ ተደገመ። ልብ እንበል፥ ተደገመ። ቶምሰንም በዚያው ዓመት በራሳቸው መንገድ ያንኑ አገኙ፤ ጥቂት ቈይቶም በየአገሩ ያለ ቤተ ሙከራ ያለ ብዙ ችግር ሠራው። በ2012 ያማናካ ከእንግሊዛዊው ከጆን ጉርደን ጋር የኖቤልን ሽልማት ተካፈሉ።

ዛሬ እንዲህ ያለውን ግንደ ሕዋስ በተወሰነ ጊዜ የተወሰነ መድኃኒት እየጨመሩ ወደ ልብ ጡንቻነት ይመሩታል። በስምንተኛው ወይም በዐሥረኛው ቀን ገደማ በመስተዋቱ ውስጥ መምታት ይጀምራል። ያላዘዘው ነርቭ፥ ያልገፋው እጅ ሳይኖር ብቻውን ይመታል። ያዩት ሁሉ በመጀመሪያ ያዩበትን ቀን አይረሱትም ይባላል።

ነገር ግን የሚመታ ሕዋስ ማግኘት አንድ ነገር ነው፥ በልብ ላይ ማኖር ሌላ። በመርፌ የተወጋው ሕዋስ አብዛኛው በደም ይታጠባል ወይም ይሞታል። እነሆ ቻርልስ መሪ፥ የመቅኔውን ነገር ደግመው ያፈረሱት ያው ሰው፥ በ2014 በጦጣዎች ልብ ሺህ ሚሊዮን የሰው የልብ ሕዋሳት አስገብተው ጡንቻው በእውነት ተተከለ፤ ከልቡም ጋር አብሮ መታ። ዳሩ ግን የጦጣዎቹ ልብ ምት ለጥቂት ሳምንታት ተዛባ፤ እርሳቸውም ይህን ሳይደብቁ ጻፉት።

ስለዚህ ሌሎች ሕዋሱን እንደ ዘር ከመበተን ይልቅ እንደ ጨርቅ ሠርተን እንጣፈው አሉ። በጀርመን አገር ቶማስ ኤሽንሃገን በ1997 የመጀመሪያውን ጨርቅ ሲሠሩ የተጠቀሙት ሕዋስ፥ የሚያስገርም ነው፥ ከዶሮ ፅንስ ልብ የወጣ ነበር። ሕዋሱን ኮላጅን ከሚባለው፥ ሥጋን ከሥጋ ከሚያጣብቀው ነገር ጋር ለውሰው በሁለት ችካሎች መካከል ቢያረጉት ራሱን አሰናድቶ ይስብ ጀመር። ባልደረባቸው የነበሩት ዎልፍራም ሁበርተስ ጺመርማን በ2006 እንዲህ ያለውን እራፊ በታመመ አይጥ ልብ ላይ ጣፉት። በ2008 ደግሞ በአሜሪካ ዶሪስ ቴይለር የአይጥን ልብ ሕዋሱ እስኪወጣ ድረስ በሳሙና መሰል ነገር አጥበው፥ በቀረው ነጭ ቅርፊት ላይ አዲስ ሕዋስ ዘሩበት፤ በስምንተኛው ቀን መታ፥ ኀይሉ ግን ከሙሉ ልብ ኀይል ከመቶ ሁለት ያህል ብቻ ነበር።

የእራፊው ታላቅ ችግር ውፍረት ነው። የደም ሥር የሌለው ሥጋ ከሚሊሜትር አንድ ዐሥረኛ ወይም ሁለት ዐሥረኛ ከወፈረ መካከሉ በረኃብ ይሞታል። በኦሳካ ዮሺኪ ሳዋ በጃንዋሪ 2020 በሕመምተኛ ልብ ላይ ያኖሩት የሕዋስ ወረቀት ከዚህ የተነሣ እጅግ ስስ ነው፤ ራሱ የልብን ሸክም ተሸክሞ ከመግፋት ይልቅ፥ የሚያመነጨው ነገር የታመመውን ሥጋ ይረዳዋል ተብሎ ይታመናል። እነዚያ ሜናሼም ተስፋ ሳይቈርጡ በ2014 ከግንደ ሕዋስ የተሠራ እራፊ በአንዲት የ68 ዓመት ሴት ልብ ላይ አኖሩ፤ በ2018 የስድስት ሕመምተኞችን ውጤት አሳተሙ፥ ዕጢም የምት መዛባትም አልተከተለም።

ወደ መጨረሻው ሥራ ሳንደርስ ለአገራችን አንባቢ አንድ ነገር እንንገር። በእኛ ዘንድ ሕፃናትንና ወጣቶችን አብዝቶ የሚያሠቃየው የልብ ሕመም ይህ አይደለም። እርሱ ከጉሮሮ ቍስል በኋላ ከሚመጣ ትኵሳት የሚነሣ ሲሆን፥ የሚያበላሸው ይልቁንም ደም የሚገባባቸውንና የሚወጣባቸውን የልብ በሮች ነው። የልብ እራፊ በር አይጠግንም፤ የጉሮሮውን ቍስል በጊዜው በፔኒሲሊን ማሳከም ግን ከብዙ መከራ ያድናል። ደግሞም በልዩ ልዩ አገር ግንደ ሕዋስ እንወጋለን፥ ልብን እናድሳለን እያሉ ብዙ ገንዘብ የሚቀበሉ ቤቶች አሉ። ቤቱንና ርስቱን ሸጦ ወደዚያ ለመሄድ የሚያስብ ዘመድ ያለው ሰው፥ ይህ ሥራ በሌላ ሐኪም ተደግሟልን ብሎ አስቀድሞ እንዲጠይቅለት እንለምናለን።

ጺመርማን በጎቲንገን ብዙ ዓመት ሠርተው ያደረሱት ጨርቅ በጃንዋሪ 2025 ታተመ። እራፊው ከሁለት ዓይነት ሕዋስ የተሠራ ነው። አንደኛው የልብ ጡንቻ ነው። ሁለተኛው ያ አንባቢ እንዲይዝልን የለመነው አያያዥ ሕዋስ ነው፤ እርሱ ከሌለ ጡንቻው አይተባበርም፥ ጨርቁም አይጠነክርም። በካሬል ዕቃ ውስጥ ልብ ተብሎ ሠላሳ አራት ዓመት የተከበረው፥ በእውነተኛ ስሙ ተጠርቶ ሥራ አገኘ። እራፊውን አስቀድመው በጦጣዎች ልብ ላይ ጣፉት፤ እስከ ስድስት ወር ቈየ፥ የልባቸው ግድግዳ ወፈረ፥ ምታቸውም አልተዛባም፥ ዕጢም አልታየባቸውም። ለዚህ ሁሉ ግን ሰውነት ባዕዱን ሥጋ እንዳይጥል የሚከለክል ከባድ መድኃኒት ዘወትር መውሰድ ያስፈልጋል።

ከዚያም አንዲት የ46 ዓመት ሴት ልቧ ደክሞ የሰው ልብ ትጠብቅ ነበር። በ2021 400 ሚሊዮን ሕዋስ ያለባቸው ዐሥር እራፊዎች በልቧ ላይ ተሰፉላት። በሦስተኛው ወር የምትጠብቀው ልብ ተገኘላትና ተተካላት፤ የወጣው አሮጌው ልብ ወደ ምርመራ ሄደ። ሐኪሞቹ ቈርጠው በአጉሊ መነጽር ሲያዩት እራፊው እንደ ተሰፋ ነበር። ሕዋሳቱ በሕይወት ነበሩ፤ ከሴትየዋም ከራሷ ሰውነት የተነሡ ቀጫጭን የደም ሥሮች ገብተውባቸው ደም ያመላልሱላቸው ነበር።